ሰኔ ላይ፣ ሰኞ ቀን

ከማራኪ ቁልቁል፣ ከጥረዛ ቤቱ ጎን፣
በቆርቆሮው ጣራ ዝናብ ሲጮኽብን፣
ከስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ አለች አንዲት ቃል፦
«አዲስ ከርነል ደርሷል።
አሁን ይጫን ወይስ ቆይቶ ይሻላል?»

ቆይቶ፣ አልኳት እኔ።
ሰኔና ሰኞ ነው፤ በገጠሙ ለታ
እንኳን የማሽን ልብ
የተቀመጥኩበት አይለወጥ ቦታ።

ደግሞስ በረንዳው ላይ ሰው አለ የቆመ፣
ሌሊት ሙሉ ጽፎ ዓይኑ የደከመ፤
ፍላሹን በፌስታል፣ ፌስታሉን በመሐረብ ጠቅልሎ ያቀፈ፣
ረቡዕ ሊከላከል፣ እስከዚያው ድረስ ልቡ ያላረፈ።
ምዕራፍ አራት ቀርቶታል።
ፕሪንተራችን ደግሞ፣ እንደ ክፉ አማት፣
አዲስ ሰው ሲገባ ፊቷን ታዞራለች፤
አምና፣ ኅዳር ላይ፣ ባዘዘው ከርነሉን የቀየረ ዕለት
ወረቀቷን ጎርሳ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፋ ውላለች።

ባዘዘው ልጅ ነው፤
የመጣን ዝማኔ በመጣ ሰዓቱ ሳይጭን አይተኛም።
«እማዋይሽ፣» ይላል፣ «ቀዳዳው ታወቀ፤
መድፈኛው እጅሽ ነው። ሌባው ከዘለቀ፣
ጅብ ከሄደ ወዲያ የሚጮኽ ውሻ እኮ ቤት አይጠብቅም።»
እውነቱን ነው ልጁ።
እኔ ግን አውቃታለሁ
ያችን ቸኩላ አፍስሳ የለቀመችዋን፤
እኔው ነኝና።

መብራትስ? እሱንስ ማን ይመክረዋል?
አዘዞ ደመና ሲጠቁር፣ እዚህ የእኛ ቆጣሪ ይደነግጣል።
ጭነቱ ተጋምሶ፣ ስልሳ ከመቶ ላይ ድርግም ያለ እንደሆን፣
ማሽኑ አሮጌም አይሆን፣ አዲስም አይሆን፤
አንድ እግሩ መቅደስ፣ አንድ እግሩ ቅኔ ማሕሌት
ቆሞ እንደ ቀረ ዲያቆን።

ማታ ወደ ቤቴ፣ በነገሥታቱ ግቢ አጥር ጥግ ሳዘግም፣
አንድ ነገር መጣልኝ፦
ልጅ በነገሠ ጊዜ የአባቱን አዳራሽ አላፈረሰውም፤
ከጎኑ ሠራ እንጂ።
ምናልባት አዲሱ ቢያፈስ፣ ኖራው ባይደርቅለት፣
ተሻግሮ ማደሪያ የአባት ቤት ነበረለት።
የእኔም ማሽን እንዲያው፦
ሲነሣ በሚታየው በጥቁሩ ዝርዝር
አዲሱ ከፊት ነው፣ አሮጌው ከሥሩ፤
አልተሻረም፣ አለ፤ አልተዘጋም በሩ።
ይህን ሳስብ ጊዜ ፍርሃቴ ቀለለ፤
ጨርሶ ግን አልሄደም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰልፉ ተበትኖ፣
ዩፒኤሱ ሞልቶ፣ የሰው ሥራ ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ተቀድቶ ተከድኖ፣
ሰማዩም ለጥቂት ትንፋሹን ሲሰበስብ፣
የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ።
ሁለት ጊዜ ሳትኩ፣
በሦስተኛው ሄደ።
መስመር በመስመር ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ፣ ወረደ።
«እንግዲህ ተነሣ» አልኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ።
እንዴት ያለ ጥቁር!
ባዘዘው፣ ያ ደፋር፣ ጥፍሩን ይበላል፤
እኔ እቆጥራለሁ፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፤
አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣
ብልጭ አለችና
ገባ።

ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ፣ ቆይ! አልኩት፤
መጀመሪያ አማቲቱን እንይ።
ፕሪንተሯ ሳለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣
ማንም ሳያዛት አንዲት ወረቀት ተፋች፦
ከሰኞ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ወረፋ ይዛ የከረመች፣
ምዕራፍ አራት፣ ገጽ ስልሳ አንድ፤
ያ ልጅ ረቡዕ ዕለት ያለ እሷ ቀርቦ፣
ከመምህራኑ አንድም ሰው ሳያስተውል፣
በጥሩ ውጤት ያለፈ።